ወይዘሮ ቤልቫ ሎክውድና የዘመናቸው ጋዜጦች

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ እንዲሆን በሚታተመው በዚህ መጽሔት ላይ፣ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ከዚህ ዓለም በሞት ከተለየ ብዙ ዘመን ስለሆነው ስለ አንድ ስመ ጥር ሰው እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፣ ከመካከላችን አንዳንዱ ስለ ጦር አዛዥ፣ አንዳንዱም ስለ ሊቅ ለመጻፍ አሳብ አቅርቦ ነበር። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ግን የአንዲት መምህርት ታሪክ እንዲጻፍ ተስማማን። እኚህ መምህርት፣ በአሜሪካ ከጥቂት ግዛቶች በቀር ሴቶች ድምፅ መስጠት ባልተፈቀደላቸው ዘመን፣ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት ወይዘሮ ቤልቫ ሎክውድ ናቸው።

ይህን ታሪክ እንድንመርጥ ያደረገን የራሳችን ጥፋት መሆኑን ከአንባቢ ልንደብቅ አንወድም። ባለፈው ዓመት የተማሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ሲመረጥ ሁለት ወንዶች ልጆችና አንዲት ልጃገረድ ተወዳድረው ነበር። የግድግዳውን ጋዜጣ የምናዘጋጀው እኛ ስለ ነበርን፣ ስለ ሦስቱም ጻፍን። ስለ መጀመሪያው ልጅ፣ ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ማታ ክፍት እንዲሆን መጠየቁን፤ ስለ ሁለተኛውም፣ የኳስ ሜዳው እንዲስተካከል ማሰቡን ገለጽን። ስለ ልጃገረዲቱ ግን ድምፅዋ ቀጭን መሆኑን፣ አዲስ ጫማ ማድረግዋንና መድረክ ላይ ስትወጣ ማፈርዋን ጻፍን። ከሩቅ ሰፈር በእግራቸው ለሚመጡ ተማሪዎች የምሳ ማሞቂያ ክፍል እንዲዘጋጅ ላቀረበችው አሳብ አንድ መስመር እንኳ አልሰጠነውም። ልጅቱም ተሸነፈች። በማግሥቱ ስታገኘን አልተቆጣችም፤ ንግግርዋን ሰምተን እንደ ነበረ ብቻ ጠየቀችን። የምንመልሰው አጣን። የወይዘሮ ሎክውድን ታሪክ ባነበብን ጊዜ፣ ያ የእኛ ጥፋት ከመቶ ዓመት በፊት በታላላቅ ጋዜጦች ላይ ተጽፎ ስላገኘነው፣ ሳናፍር እንጽፈው ዘንድ ወሰንን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ፣ አገር ያልተለየበት ቦታ ሁሉ፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ወይዘሮ ቤልቫ ኦክቶበር 24 ቀን 1830 በኒውዮርክ ግዛት ሮያልተን በሚባል ሥፍራ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለዱ። በልጅነታቸው ቤልቫ ቤኔት ይባሉ ነበር። ትምህርታቸውን በገጠር ትምህርት ቤት ጀምረው፣ ገና በ14 ዓመታቸው ራሳቸው አስተማሪ ሆኑ። በዚያን ጊዜ ለሴት አስተማሪ የሚከፈለው ደመወዝ ለወንዱ ከሚከፈለው ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። ይህ ነገር በልባቸው ገብቶ ቀረ። ትምህርታቸውን ለመቀጠል ቢመኙም አባታቸው አልደገፉዋቸውም። በእኛ አገር ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ እንደሚባለው፣ በእነርሱም አገር ለሴት ልጅ ከፍተኛ ትምህርት ትርፍ ነገር ነው የሚል ልማድ ነበረ።

ስለዚህ በ1848፣ የ18 ዓመት ልጃገረድ ሳሉ፣ ዩራያ ማክኖል የተባለውን ሰው አገቡ። ዕድሜያቸው አሁን እኛ ካለንበት ዕድሜ ጋር እኩል ነበር። በዓመቱ ሉራ የተባለች ልጅ ተወለደች። ነገር ግን ባላቸው በ1853 ሞቱ። ወይዘሮ ቤልቫ በ22 ዓመታቸው ሕፃን ልጅ የያዙ መበለት ሆነው ቀሩ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ተስፋ በቆረጠ ነበር፤ እርሳቸው ግን ልጃቸውን ከወላጆቻቸው ዘንድ ትተው ጄኔሲ ኮሌጅ ገቡና በ1857 በከፍተኛ ማዕርግ ተመረቁ። ከዚያ በኋላ በሎክፖርት ከተማ የትምህርት ቤት ኃላፊ ሆነው፣ ልጃገረዶች በአደባባይ መናገርና የሰውነት ማጠንከሪያ ስፖርት እንዲማሩ አደረጉ። ይህ በዚያ ዘመን ያልተለመደ ነገር ነበር።

በ1866 ወደ ዋሽንግተን ከተማ ሄደው ወንድና ሴት ልጆች በአንድነት የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ1868 የጥርስ ሐኪምና ሰባኪ የነበሩትን አቶ እዝቅኤል ሎክውድን አገቡ፤ በታሪክ የሚታወቁትም በእኚህ ባላቸው ስም ነው። አቶ እዝቅኤል ሚስታቸው ሕግ ለመማር ያላቸውን ምኞት ደገፉ። ዳሩ ግን ኮሎምቢያን ኮሌጅ፣ አንዲት ሴት በክፍል ውስጥ ብትቀመጥ የወንዶቹን ተማሪዎች አሳብ ትበትናለች የሚል ምክንያት ሰጥቶ አልቀበልም አላቸው። በኋላ ናሽናል ዩኒቨርሲቲ የተባለው የሕግ ትምህርት ቤት ሴቶችን ተቀበለ። አሥራ አምስት ሴቶች ተመዝግበው የጨረሱት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዷ ወይዘሮ ሎክውድ ነበሩ። ትምህርቱን በ1873 ቢጨርሱም፣ ወንዶቹ ከሴቶች ጋር መመረቅን ስለ ተጠየፉ፣ ዲፕሎማው ተከለከለ።

ወይዘሮ ሎክውድ ዝም ብለው አልተቀመጡም። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዩሊሲስ ግራንት በማዕርጋቸው የዚያ ትምህርት ቤት የበላይ ስለ ነበሩ፣ ዲፕሎማዬን ይስጡኝ ወይም የዚህ ትምህርት ቤት የበላይ ነኝ ማለትዎን ይተዉ የሚል አሳብ ያለበት ደብዳቤ ጻፉላቸው። ብዙ ሳይቆይ ዲፕሎማው በእጃቸው ገባ፤ እርሳቸውም በዋሽንግተን ጠበቃ ሆኑ። ከዚያም በፊት፣ በመንግሥት ቢሮ የሚሠሩ ሴቶች ከወንዶች እኩል ደመወዝ እንዲያገኙ የሚያግዝ ሕግ በ1872 እንዲወጣ ከደከሙት ሰዎች አንዷ ነበሩ።

ከዚያ በኋላም መንገዱ አልተቃናላቸውም። በ1876 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ለመከራከር ፈቃድ ሲጠይቁ፣ እስካሁን ሴት ገብታ ስለማታውቅ አይቻልም ተባሉ። ዳኞቹ ልማዱን ጠቅሰው ቢከለክሉዋቸው፣ እርሳቸው ሕጉ እንዲለወጥ ወደ ኮንግረስ ሄዱ። አባሎቹን አንድ በአንድ እያነጋገሩ ሦስት ዓመት ያህል ደከሙ። በመካከሉ በ1877 ባላቸው ሞቱ። በመጨረሻ ግን ሕጉ ጸድቆ በፌብሩዋሪ 1879 በፕሬዚዳንት ሄይስ ተፈረመ፤ በማርች 3 ቀን 1879 ወይዘሮ ሎክውድ በአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጠበቃ ሆነው በመግባት የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ ሳሙኤል ሎወሪ የተባሉ ጥቁር ጠበቃ በዚያው ፍርድ ቤት እንዲመዘገቡ ያቀረቡዋቸው እርሳቸው ናቸው። የተዘጋ በር ሲከፈትላቸው ለሌላው ይዘው መጠበቃቸው ሊመሰገን ይገባል።

ጋዜጦቹ ግን ስለዚህ ሁሉ ከሚጽፉት ይልቅ በብዛት የጻፉት ስለ አንድ ብስክሌት ነበር። ከ1881 ጀምሮ ወይዘሮ ሎክውድ ወደ ፍርድ ቤትና ወደ ልዩ ልዩ ቢሮ ቶሎ ለመድረስ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ይነዱ ነበር። ወንዶቹ ጠበቆች በብስክሌት ሲሄዱ ጊዜ እንደሚተርፋቸው አይተው ያደረጉት የሥራ ነገር ነው። ሆኖም ጋዜጣ ጸሐፊዎቹ የዚህን ጥቅም አላዩም፤ ያዩት የእግር ሹራባቸውን ነበር።

ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ። በ1884 የፕሬዚዳንት ምርጫ ሲቃረብ ወይዘሮ ሎክውድ በካሊፎርኒያ ጋዜጣ ታዘጋጅ ለነበረችው ለማሪዬታ ስቶው አንድ ደብዳቤ ጻፉ። የአሳቡ ፍሬ ይህ ነበር፤ ሴት ድምፅ እንዳትሰጥ ሕግ ይከለክላታል፤ እንዳትመረጥ የሚከለክላት ሕግ ግን የለም፤ እንግዲያው ሴቶች ስለ ምን ሴት እጩ አያቀርቡም የሚል ነው። በካሊፎርኒያ የነበሩት ሴቶችም ይህን አይተው የእኩል መብት ፓርቲ በሚል ስም እርሳቸውን ለፕሬዚዳንትነት፣ ማሪዬታ ስቶውን ለምክትልነት አጩ። ተወዳዳሪዎቻቸው የዴሞክራቱ ሚስተር ግሮቨር ክሊቭላንድና የሪፐብሊካኑ ሚስተር ጄምስ ብሌይን ነበሩ።

ወይዘሮ ሎክውድ ለሕዝብ ያቀረቡት ፕሮግራም የሚናቅ አልነበረም። ለሴቶችና ለወንዶች፣ ለነጭም ለጥቁርም እኩል መብት እንዲኖር፤ የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ኢንዲያኖች ዜግነት እንዲያገኙ፤ የቤተ ሰብ ሕግ እንዲሻሻል፤ ሴቶች በመንግሥት ሥራ ላይ እንዲሾሙ፤ ወታደሮች ጡረታ እንዲያገኙ፤ መንግሥታትም ጠባቸውን በጦር ሳይሆን በሽምግልና እንዲጨርሱ ይጠይቁ ነበር። ይህን ፕሮግራም ያተሙ ጋዜጦች ፈጽሞ አልጠፉም፤ እውነቱን ለመናገር ይህ መታወቅ አለበት። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ግን በአብዛኛው ፌዝ ነበር።

አንድ የአትላንታ ጋዜጣ አሮጊቷ ሎክውድ እያለ ጠራቸው፤ አገሪቱም በቀሚስ መንግሥት ሥር እንዳትወድቅ አስጠነቀቀ። ፓክ የተባለው የቀልድ መጽሔት በሴፕቴምበር 1884 በፊተኛው ገጹ ላይ፣ ሌላውን እጩ ቤንጃሚን በትለርን አሥቂኝ ተጫዋች፣ እርሳቸውን ደግሞ የቲያትር ጨፋሪ አድርጎ ሣላቸው። ሌሎችም ስለ ልብሳቸውና ስለ ጠጉራቸው አሰልፈው ጻፉ። በየከተማው ወንዶች የሴት ቀሚስ ለብሰው በስማቸው እየተሰለፉ ሲያላግጡ፣ ጋዜጦቹ ይህን እንደ ታላቅ ጨዋታ አድርገው አወሩት። ከዚያ 12 ዓመት በፊት፣ በ1872 ለፕሬዚዳንትነት ታጭተው የነበሩት ቪክቶሪያ ውድሃልም፣ ስለ ጋብቻ ያላቸው አሳብ ብዙ ሰው ስላስቆጣ፣ በሃርፐርስ ዊክሊ ጋዜጣ ላይ በቶማስ ናስት እጅ ክንፍ ያላት ሰይጣን ተደርገው ተሥለው ነበር። እንግዲህ ሴት እጩ ወይ ሰይጣን፣ ወይ ጨፋሪ፣ ወይ አሮጊት ትባላለች እንጂ እጩ ለመባል አልታደለችም ማለት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ወንዶቹስ አልተሰደቡምን ትለን ይሆናል። ተሰድበዋል፤ እንዲያውም የ1884 ምርጫ በስድብ የታወቀ ነው። ሚስተር ክሊቭላንድ ከጋብቻ ውጭ ልጅ ወልደዋል ተብለው ተከሰሱ፤ ሚስተር ብሌይንም ከባቡር ኩባንያ ጋር በተያያዘ የገንዘብ ነገር ታሙ። ነገር ግን ልዩነቱን ማስተዋል ያስፈልጋል። ወንዶቹ የተከሰሱት ሠሩት በተባለው ሥራ ነው፤ ለክሱም መልስ መስጠት ይችሉ ነበር። ወይዘሮ ሎክውድ የተፌዘባቸው ግን ሴት በመሆናቸው ነው፤ ለዚህ ምን መልስ ይሰጣል? አሮጊት ስለ መባላቸውም፣ ሚስተር ብሌይን የተወለዱት በዚያው በ1830 ነው፤ እንዲያውም በጃንዋሪ ወር ስለ ተወለዱ ዘጠኝ ወር ያህል ይበልጡዋቸዋል። በ54 ዓመት ወንዱ በሳል ሲባል ሴቲቱ አሮጊት ከተባለች፣ ሚዛኑ ተጣሟል።

ይህ ለምን ሆነ ብለን መምህራችንን ጠይቀን ነበር፤ እኛም በበኩላችን አሰብንበት። በዚያ ዘመን ጋዜጣ የሚያዘጋጁት ከጥቂቶች በቀር ወንዶች ነበሩ፤ ድምፅ የሚሰጡትም እንዲሁ። ብዙዎቹ ጋዜጦች ከአንድ ፓርቲ ጋር የተሳሰሩ ስለ ነበሩ፣ ፓርቲ የሌላትን ሴት የሚከላከል አልነበረም። ፌዝ ደግሞ ጋዜጣ ይሸጣል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ክፋት ሳይኖር የሚሠራ ስሕተት ነው። ጸሐፊው ሴት እጩ አይቶ ስለማያውቅ፣ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እንግዳ በሆነበት ነገር ላይ ነው፤ እርሱን ጽፎ ሲጨርስ ለአሳብዋ የሚሆን ቦታ አይተርፈውም። እኛም የልጃገረዲቱን ጫማ በጻፍን ጊዜ ጠላቶችዋ አልነበርንም። ሆኖም ጉዳቱ ከጠላት ሥራ አላነሰም።

ጉዳቱ ምን ያህል እንደ ነበረ ከድምፁ ቆጠራ ማየት ይቻላል። ወይዘሮ ሎክውድ ምርጫው ካለፈ በኋላ ለኮንግረስ ባቀረቡት አቤቱታ፣ በልዩ ልዩ ግዛቶች ከ4,000 በላይ ድምፅ ማግኘታቸውን አስታወቁ፤ ድምፅ የሰጡዋቸው ሁሉ ወንዶች ነበሩ። በፔንሲልቫኒያ የተሰጣቸው ድምፅ ሳይቆጠር መጣሉንም ገለጹ። ከዚህ ውስጥ በኒውዮርክ ግዛት አገኘሁ ያሉት 1,336 ነበር። ሚስተር ክሊቭላንድ ሚስተር ብሌይንን በኒውዮርክ ያሸነፉት ከ1,200 በማይበልጥ ድምፅ ነው፤ ፕሬዚዳንት የሆኑትም በዚያ ግዛት ምክንያት ነው። እንግዲህ አሮጊት ተብለው የተሣቁባቸው ሴት፣ ቁጥራቸው ትክክል ከሆነ፣ በዚያ ግዛት ያገኙት ድምፅ የአገሪቱን ፕሬዚዳንት ከለየው ልዩነት ይበልጥ ነበር። ለጋዜጣ የሚሆን ከዚህ የተሻለ ወሬ ከየት ይገኝ ነበር? ዳሩ ግን የብስክሌቱ ወሬ ጣፍጦ ይህ ቁም ነገር ተዘነጋ። አቤቱታቸውም ፍሬ አላገኘም።

ወይዘሮ ሎክውድን ያልደገፉዋቸው ወንዶች ብቻ አልነበሩም። ለሴቶች መብት በመታገል የታወቁት ሱዛን አንተኒና ኤልሳቤጥ ስታንተን እንኳ በዚያ ዓመት ሚስተር ብሌይንን ደገፉ። እርሳቸው ግን አልተማረሩም። ለሚመጣው ጋዜጣ ጸሐፊ ሁሉ በራቸውን ክፍት አድርገው በትሕትና መለሱ፤ ፌዙም ቢሆን ስማቸውን ከዳር እስከ ዳር እንደሚያደርስላቸው ዐውቀው፣ ሕዝቡ የተፌዘባትን ሴት ለማየት ሲሰበሰብ ስለ እኩል መብትና ስለ ሰላም ያስተምሩት ነበር። በ1888 ደግመው ተወዳደሩ፤ ያን ጊዜ ጋዜጦቹ ከቀድሞውም ያነሰ ቦታ ሰጡዋቸው። ፌዝ ሲሰለች የሚተካው ዝምታ ነው።

ከዚህ በኋላም ሥራቸውን አልተዉም። በአውሮጳ በተደረጉ የሰላም ጉባኤዎች ላይ ተካፍለዋል። ከመሬታቸው በግድ ለተነሡት ለቼሮኪ ሕዝብ ጠበቃ ከነበሩት አንዷ ሆነው፣ በ1906፣ የ75 ዓመት ሰው ሳሉ፣ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የ5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፍርድ ተገኘ። ወይዘሮ ሎክውድ ሜይ 19 ቀን 1917 በ86 ዓመታቸው በዋሽንግተን ዐረፉ። ለአሜሪካ ሴቶች ሁሉ ድምፅ የመስጠት መብት በሕገ መንግሥት የጸናው ከሦስት ዓመት በኋላ በ1920 ስለ ሆነ፣ ሁለት ጊዜ የተወዳደሩት ሴት አንድ ጊዜ እንኳ ለፕሬዚዳንት ድምፅ ሳይሰጡ አለፉ።

ከመሞታቸው በፊት ግን አንድ ነገር ለማየት በቁ። በኤፕሪል 1917 ጃኔት ራንኪን ከሞንታና ተመርጣ የመጀመሪያዋ ሴት የኮንግረስ አባል ሆና ገባች። በዚያው ሳምንት ስለ ጦርነት መግባት ድምፅ ሲሰጥ እርስዋ እምቢ ካሉት አንዷ ሆነች። ጋዜጦች ግን እያለቀሰች ድምፅ ሰጠች ብለው ጻፉ፤ አጠገብዋ የነበሩ ሰዎች አላለቀሰችም ሲሉ መስክረዋል። ከእርስዋ ጋር እምቢ ያሉ 49 ወንዶች ነበሩ፤ የእነርሱን ዕንባ ግን የፈለገ የለም። በ1964 ሴናተር ማርጋሬት ቼዝ ስሚዝ ለፕሬዚዳንትነት እጩ ለመሆን ሲወዳደሩም ወሬው ስለ ዕድሜያቸው ሆነ። ከሁለቱ ታላላቅ ፓርቲዎች በአንዱ አንዲት ሴት ለፕሬዚዳንትነት እስክትታጭ ድረስ ከወይዘሮ ሎክውድ በኋላ 132 ዓመት አልፎ እስከ 2016 መጠበቅ አስፈልጓል።

በአገራችንም ቢሆን መምህርት የነበሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ ሲሆኑ፣ መንገዱን ለብዙዎች ከፍተዋል። ሁለቱም ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ተነሥተው ወደ ሕዝብ ጉዳይ መሄዳቸውን ስናይ፣ ትምህርት ቤት ምን ያህል ነገር እንደሚጀመርበት እንረዳለን።

እኛም ከዚህ ታሪክ የተማርነውን አንድ ነገር ለታናናሾቻችን እንተውላቸዋለን። የግድግዳውን ጋዜጣ ከእንግዲህ የምታዘጋጁት እናንተ ናችሁ። ስለ አንዲት ተወዳዳሪ የጻፋችሁትን ከመለጠፋችሁ በፊት፣ በስምዋ ቦታ የወንድ ስም አስገብታችሁ አንብቡት። የሚያሥቅ ከሆነ ሠርዙት፤ የማያሥቅ ከሆነ ተዉት። ይህ ቀላል ሚዛን ነው፤ ባለፈው ዓመት በእጃችን ቢኖር ኖሮ ከጻፍነው ውስጥ ሦስት መስመር አይተርፍም ነበር።

ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን ይህን ሲያነቡ ስለ ራሳችን ጥፋት መጻፋችን ለበዓል አይስማማም ይሉን ይሆናል። እኛ ግን ትምህርት ቤታችን ያስተማረን እውነትን መናገር ስለ ሆነ፣ ለበዓሉ የምናቀርበው ስጦታ ይህ ነው። ያችን ልጃገረድ ይቅርታ ጠይቀናታል፤ ስለ ምሳ ማሞቂያው ክፍል ያቀረበችውንም አሳብ በዚህ ዓመት በግድግዳው ጋዜጣ ላይ ሙሉውን አውጥተነዋል። ዘግይቶም ቢሆን ብዙ ተማሪዎች አንብበው ፈርመውበታል። ይህን ጽሑፍም ለአታሚ ከመስጠታችን በፊት እንድታየው ሰጠናት። በጸጥታ አነበበችና፣ ሁለት የፊደል ግድፈት አርማ፣ ምንም ሳትናገር መለሰችልን።